ሰማያዊው የጎደሬ ቅጠል

በየመንደሩ አንድ የቀለም ዳኛ አይጠፋም። እኔና እናንተ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስታልፍ ብናይ «ቀይ ቀሚስ» ብለን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። የቀለም ዳኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለውም። ይቆማል፤ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ ከዚያ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ እኮ ቀይ አይደለም» ይላል። ፈጣሪ ሰማይን ሲዘረጋ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ሥራው በስድስት ቀን አያልቅም ነበር። እስከ ዛሬም በሰማያዊው ላይ እየተከራከሩ ይሆን ነበር።

በፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ያለችው የደሴታችን የራሮቶንጋ የቀለማት ጠቅላይ ገዥ፣ የመቀስና የመርፌ ባለሟል፣ ክብርት እማማ ቱአይኔ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት ነው። ቁመታቸው ከቤተ ክርስቲያናችን ወንበር መደገፊያ እምብዛም አይበልጥም፤ እሑድ እሑድ ከኋላ ሆናችሁ ብታዩ ባርኔጣ ብቻውን መጥቶ የተቀመጠ ይመስላችኋል። ከባርኔጣው ሥር ግን ዓይን አለ፤ ከዓይኑ ሥር ደግሞ ዝም ማለት የማይሆንለት አፍ አለ።

ሕጋቸው ከሁለት ቃል አይበልጥም፦ «እንደገና እየው!»

አንድ ቀን ደሴቲቱን የሚዞረውን አውቶቡስ በእጃቸው ምልክት አስቆሙ። የሚሳፈሩ መስሎን ቦታ ለቀቅንላቸው። እሳቸው ግን በሾፌሩ መስኮት በኩል ቆመው፣ «ይሄን ሸሚዝ ቢጫ ነው ብሎ ማን ሰጠህ?» አሉት።

«እማማ፣ ረፍዶብኛል እኮ።»

«ሸሚዝህም ረፍዶበታል። እንደገና እየው!»

አየው። ከኋላ የተቀመጥነው አሥራ አንድ ሰዎችም ተንጠራርተን አየነው። እውነትም ቢጫ አልነበረም፤ የጠወለገ ሎሚ ነገር ነበር። እኛ ሁላችን ካሰብንበት ዘግይተን ደረስን፤ ሾፌሩም ያንን ሸሚዝ ሁለተኛ ሲለብሰው አላየሁም።

ፓስተራችንም አልተረፉም። ለፋሲካ ነጭ ሙሉ ልብስ አሰፍተው፣ አምረው፣ ግሩም ስብከት ሰብከው በር ላይ ምእመኑን እየጨበጡ ሲሸኙ የእማማ ቱአይኔ ተራ ደረሰ። እጃቸውን ጨብጠው አልለቅ አሉ።

«ፓስተር፣ ስብከቱ ልብ ይነካል። ልብሱን ግን ሻይ ነክቶታል።»

«ኧረ አልነካውም እማማ፣ ዛሬ ነው የለበስኩት!»

«እንግዲያው ሲሰፋ ነው የነካው። ፀሐይ ላይ ወጥተው እንደገና ይዩት።»

ፓስተሩ ወጡ፤ አዩት። በማግስቱ ልብሱ ተመልሶ ወደ ሰፊው ሄደ ሲባል ሰማሁ።

እንዲህ የሚፈሩት በምላሳቸው ብቻ አይደለም። እማማ ቱአይኔ ታኡንጋ ናቸው፤ የቲቫይቫይ ሊቅ ማለት ነው። ቲቫይቫይ አልጋ ሙሉ ጨርቅ ላይ ሌላ ጨርቅ በአበባና በቅጠል ቅርጽ እየተቆረጠ፣ እየተለጠፈ፣ በእጅ የሚሰፋ ነው። ስንዳር ይሰጠናል፤ ስንሞትም ተጠቅልለንበት እንሄዳለን። ታኡንጋዋ ቀለሙን ትመርጣለች፣ ጨርቁን አጥፋ ትቆርጣለች፤ የሴቶቹ ማኅበር ደግሞ አዳራሽ ተሰብስቦ ይሰፋል። ታኡንጋ አንዴ ከተናገረች የሚከራከራት የለም። እዚያ አስተያየት የሚባል ነገር አይሰጥም፤ የሚሰጠው መርፌ ነው። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

እሳቸውን የሚሞግት በደሴቲቱ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ። መስፋት ስለማልችል የማኅበሩ ሕግ አይገዛኝም።

ፖኮይና እባላለሁ። ሥራዬ ከአያቶቻችን የቀሩ አሮጌ ጨርቆች የተቀመጡባትን አንዲት ክፍል መጠበቅ ነው፤ ቀለማቸው እንዳይጠፋ መጋረጃ እዘጋለሁ፣ መሳቢያ እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ለስድስት ወር ኒውዚላንድ ተልኬ ይህንኑ ተማርኩ። ሄጄ ስመለስ ሁለት ነገር ይዤ መጣሁ፤ አንደኛው በመስታወት የተሰቀለ ምስክር ወረቀት፣ ሁለተኛው የቀለም መለኪያ። መለኪያዋ መዳፍ ታክላለች፤ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ሲጫኗት «ጭክ» ትልና ቀለሙን በቁጥር ትናገራለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አሮጌዋን በአዲስ ቀይሬያለሁ፤ ስሟ ግን አልተቀየረም። ማን ስም እንዳወጣላት ገምቱ።

በተመለስኩ በሳምንቱ የሴቶቹን ማኅበር ሰብስቤ ትምህርት ሰጠሁ። ነጭ የእጅ ጓንት አጥልቄአለሁ፤ በዚያ ሙቀት ጓንቱ ውስጥ እጄ እየተቀቀለ ነው። «እናቶቼ» አልኩ፣ «ብርሃን ቀለም ይበላል! ቲቫይቫያችሁን ከፀሐይ ደብቁ! በባዶ እጅ አትንኩ! ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ!»

 ከዚያ ከባርኔጣ ሥር ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ቀለም ለማን ነው የሚያምረው?»

«ለ... ለመጪው ትውልድ ነው፣ እማማ።»

«መጪው ትውልድም ጨለማ ውስጥ ይተወዋል፣ አንተ እንዳስተማርከው። ታዲያ ማን ሊያየው ነው?»

ሳቁ ከአዳራሹ አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። እኔም ልመልስ ብዬ እጄን ሳነሳ ላብ ከጓንቱ ጫፍ ተንጠባጠበ። «በል ያችን እንሽላሊትህን አሳየን» አሉኝ፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ጭክ ጭክ የምትለውን የቤት እንሽላሊት ማለታቸው ነው። መለኪያዬ በዚያው እንሽላሊት ሆና ቀረች። ሚስቴ ኢና ሳትቀር «እንሽላሊትህን ምሳ ዕቃህ ላይ አታስቀምጥ» ነው የምትለኝ።

ውርርዳችን የተጀመረው ያን ቀን ነው። እሳቸው በዓይናቸው፣ እኔ በእንሽላሊቴ፤ የተሸነፈ አዳራሹን በኮኮናት ዝንጣፊ መጥረጊያ ይጠርጋል። ሁለት ቀይ ክር ሰጠኋቸው፤ እንሽላሊቷ አንድ ናቸው ብላለች። እሳቸው «ይሄኛው የሌላ ጥቅል ነው» አሉ። ባለሱቋን ብንጠይቅ እውነትም የሌላ ጥቅል ሆኖ ተገኘ፤ የእንሽላሊቷን መስታወት ለካ የጣት አሻራ ሸፍኖታል። ጠረግሁ። ሌላ ጊዜ ኮምፒዩተሬን ተሸክሜ ሄድኩ። የጎደሬ ቅጠል ፎቶ አስገብቼለት ቲቫይቫይ እንዲነድፍልኝ አድርጌአለሁ። «ይሄ ማሽን በአንድ የጎደሬ ቅጠል ላይ አርባ አንድ ቀለም አግኝቷል» አልኳቸው በኩራት።

«አርባ አንድ? ቅጠሉ ያለው ሁለት ነው።»

«ምንና ምን?»

«ከዝናብ በፊትና ከዝናብ በኋላ። እንደገና እየው!»

የጎደሬ ማሳዬ ላይ ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ዝናብ ጠበቅሁ። ዘነበ፤ አየሁት። ጠረግሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያንን አዳራሽ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠርጌአለሁ፤ የትኛው ሳንቃ ላይ ሚስማር እንደወጣ ከአናጢው በላይ አውቃለሁ። እሳቸው አንድም ቀን መጥረጊያ አልነኩም። እኔም በየጊዜው እየጠረግሁ በሆዴ አንድ ጸሎት አደርስ ነበር፦ አምላኬ ሆይ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እማማ ቱአይኔ ቀለም ይሳቱ።

እዚህ ላይ ስለ ፀጉሬ መናገር አለብኝ፤ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ፀጉሬ ሲሸብት ጊዜ ኢና ሳታይ ከሱቅ ጥቁር ቀለም ገዝቼ ተቀባሁ። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ የፈራሁት የኢናን ዓይን አይደለም፤ የእማማ ቱአይኔን ነው። እሑድ ደረሰ። በር ላይ ተገናኘን። ቀና ብለው አዩኝ። «ኪያ ኦራና፣ ፖኮይና» ብለው የወትሮውን ሰላምታ ሰጥተውኝ አለፉ። ከዚያም በኋላ አንድም ቀን ስለ ፀጉሬ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እኔም በደሴቲቱ ላይ ከእማማ ቱአይኔ ዓይን ያመለጠ ብቸኛው ቀለም አናቴ ላይ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ኮፍያ ማድረግ ሁሉ ትቼ ነበር።

ዓምና ልጄ ሞኤሮአ ልትዳር ሆነ። እማማ ቱአይኔ ራሳቸው ቤታችን መጡ፤ ወንበር ሰጠናቸው፤ አልተቀመጡም፤ ፍርድ ቆመው ነው የሚሰጡት።

«ለሞኤሮአ የጎደሬ ቅጠል ነው። ነጭ መደብ፤ ቅጠሉ ከዝናብ በኋላ ያለው አረንጓዴ። አለቀ።»

ጨርቅ ቤት ብቻቸውን ሄደው፣ መርጠው፣ ጥቅሉን ባርኔጣቸው ሥር እንደ ሕፃን አቅፈው ተመለሱ። ቆረጡ፤ አደሉ። ማኅበሩ መስፋት ጀመረ።

በወሩ ገደማ፣ ለሴቶቹ ምሳ በሎሚና በኮኮናት ወተት የራሰ ጥሬ ዓሣ በትልቅ ሳህን ይዤ አዳራሽ ገባሁ። ገብቼ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ሠላሳ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው የልጄ ቲቫይቫይ ተዘርግቷል። መደቡ ቅቤ ይመስላል። ቅጠሎቹ ድብን ያለ ሰማያዊ ናቸው።

ኢና አጠገብ ተንበረከክሁ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ዝም በል» አለችኝ ከመርፌዋ ሳትነሳ።

«ሰማያዊ እኮ ነው!»

«አይተናል። ለኛም ዓይን ተሰጥቶናል።»

«ታዲያ ለምን...»

«ታኡንጋዋ ናቸው የመረጡት። ምክንያት ይኖራቸዋል።»

በግራ ያለችው ሴት ምክንያቱ አዲስ ፋሽን ነው አለች። በቀኝ ያለችው ቅጠሉ ባሕር ላይ ያጠላውን ጥላ ሊያሳዩ ፈልገው ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ያለችው ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ብላ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። እኔ ሳህኑን በአንድ እጄ እንደያዝሁ እንሽላሊቴን ከኪሴ አወጣሁና አንድ ቅጠል ላይ አስቀመጥኋት። ጭክ። ሰማያዊ! አረንጓዴ የሚባል ነገር ሽታውም የለም።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጸሎቴ ደረሰ! ሃያ ሁለት ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መጥረጊያ! መዝለል ነው የቀረኝ። ሳህኑንም እንሽላሊቷንም እንደያዝሁ በሩ አጠገብ ወደሚቀመጡበት ወደ እማማ ቱአይኔ ገሰገስሁ። ምን እንደምላቸው እንኳ አዘጋጅቻለሁ። በኦፊሴላዊ ድምፅ ነው የምለው።

ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ መርፌያቸውን ለጎረቤታቸው ሲያቀብሉ አየሁ። ጎረቤታቸው ክር አግብታ መለሰችላቸው፤ ሁለቱም ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የቆየ ልማድ መሆኑ ያስታውቃል። ከዚያ የቅጠሉን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ ጨርቁን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። «አረንጓዴው እንዴት ያምራል፣ አይደል?» አሉ።

«በጣም እማማ» አለች ጎረቤታቸው ዓይኗን ሰብራ።

ቀና አሉና ፈገግ አሉልኝ። ቀጥ ብለው የሚያዩት የዓሣውን ሳህን ነው። «መጣህ ፖኮይና? እንሽላሊትህን ይዘህ ነው?»

ደስታዬ የት እንደገባ አላውቅም። ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ውጭ የዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ነው እጄ ሳላዘው ወደ ፀጉሬ የሄደው። ለካ ቀለሙ ጥሩ ሆኖ አይደለም! ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ አላዩኝም! ኢና ተከትላኝ ወጥታ ነበር።

«ኢና፣ እውነቱን ንገሪኝ። ፀጉሬ ምን ይመስላል?»

«ሁለት ዓመት ቆይተህ አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

እሷ የወጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የክሊኒኳ ነርስ ለሴቶቹ በግልጽ ነግራቸዋለች፤ እማማ ቱአይኔን የያዛቸው የዓይን ሞራ ነው። ሞራው ነጩን ቢጫ፣ ሰማያዊውን አረንጓዴ፣ የቀረውን ሁሉ ቡናማ ያደርጋል። በዓመት አንዴ ከኒውዚላንድ የሚመጡት የዓይን ሐኪሞች በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳሉ፤ ስም የሚመዘገበው እስከ ዓርብ ነው። ዘንድሮ ካለፋቸው ለከርሞ መቀስ መያዝ አይችሉም። ነርሷ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ነበር፤ «ዓይኔን? እኔን ነው ዓይንዎን የምትይኝ?» ብለው አባረዋታል። ሠላሳ ሴቶች ደግሞ ታኡንጋን ተሳስተዋል የሚል አፍ የላቸውም።

«አንተ ንገራቸው» አለችኝ ኢና።

«እኔ? ለምን እኔ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስተዋል ስትላቸው አልኖርክም? ለምደውታል።»

ልክ ነበረች። ግን ይህን ያህል የተመኘሁትን ነገር እግዜር በሳህን አቅርቦልኝ መብላት አቃተኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሴቶቹ ሳይመጡ፣ አዳራሽ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ገና ካልተሰፉት ቅጠሎች ክምር አንዱን አነሳሁ።

«እማማ፣ እንወራረድ።»

«ገና ጠዋት ነው፤ መጥረግ ናፈቀህ እንዴ?»

«ይሄ ቀለም ምንድን ነው?»

ጨርቁን ሳይቀበሉኝ ሳቁ። «ከዝናብ በኋላ ያለ ጎደሬ ነዋ። አረንጓዴ። ሂድ መጥረጊያህን አምጣ።»

እንሽላሊቷን አስቀመጥኋት። ጭክ። ቁጥሩን አየሁት። አፌን ከፈትሁ።

«ምን አለች?»

«አረንጓዴ» አልኩ።

ፈሪ ብትሉኝ ልክ ናችሁ። «አየህ! እሷም ተማረች!» ብለው ጭናቸውን መቱ። እኔ ከጥግ መጥረጊያውን አንስቼ መጥረግ ጀመርሁ። አንዴ ጠረግሁ፣ ሁለቴ ጠረግሁ፣ ሦስተኛው ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ነገ ዓርብ ነው።

«እማማ» አልኩ ጀርባዬን እንደሰጠኋቸው።

«አቤት።»

«እንደገና ይዩት።»

በሕይወት ዘመናቸው ይህንን ቃል ከሰው አፍ ሰምተው አያውቁም ብል አላጋነንኩም። ቅጠሉን አንስተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ፀሐይ ላይ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በቀኝ ዓይን አዩት፤ በግራ ዓይን አዩት። በጣም ቆዩ። መጥረጊያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ።

«ምንድን ነው?» አሉ ዘወር ሳይሉ።

«ሰማያዊ ነው፣ እማማ።»

«መደቡስ?»

«ቅቤ ነገር ነው።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«...ሁሉም።»

«ስንት ቅጠል ተሰፋ?»

«ዘጠና ስድስት።»

«ዘጠና ስድስት ሰማያዊ ጎደሬ!» ብለው ጮኹ። «ሠላሳ ሴት፣ ስድሳ ዓይን፣ አንድ አፍ ጠፋ?» መንገድ ላይ የሚያልፍ ሞተር ሳይክል ሁሉ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ እኮ ዓለሙ የደበዘዘ መስሎኝ ነው፣ ፖኮይና። ፀሐይ የበላው መስሎኝ። ብርሃን ቀለም ይበላል ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህም?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ትምህርቴን የሰማ ሰው የለም ብዬ ሳዝን ኖሬአለሁ። ለካ አንድ ሰው አምኖኛል። ያም ሰው እሳቸው ነበሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ተመልሰው ገቡና እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣ።»

«ምኑን?»

«መጥረጊያውን ነዋ። ተሸንፌ የለ?»

«ኧረ እማማ፣ በሞቴ! እኔ...»

«አምጣ አልኩህ!»

ሰጠኋቸው። ከመጥረጊያው እጀታ እሳቸው ያጥራሉ። ከጥግ ጀመሩ፤ በየወንበሩ ሥር፣ በየሳንቃው ስንጥቅ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ በሩ ላይ ቆሙ፤ የሚገባ ጠፋ። ኢና አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። እሳቸው ጠርገው ጨረሱ፤ ቆሻሻውን በሴቶቹ እግር መሐል ወደ ውጭ ገፉት፤ መጥረጊያውን ቦታው መለሱ። «ያቺ ነርስ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንደኛው ዓይናቸው ተሠራ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ቅጠሎቹ ይፈቱ ወይስ ይቆዩ የሚለውን መወሰን የሚችሉት ታኡንጋዋ ብቻ ናቸው፤ ታኡንጋዋ ደግሞ ቤታቸው ዓይናቸው ታሽጎ ተቀምጠዋል። ሐኪሞቹ ሞራው የቆየ ነው፣ ምን ያህል እንደሚያዩ ሲፈታ እናያለን ብለዋል። እኔ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ባያዩስ? ቁርጡን ነግሬአቸው፣ አዳራሽ አስጠርጌአቸው፣ ምንም ባይለወጥስ?

የዓይናቸው ሽፋን በተነሳ በማግስቱ አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው። ነርሷ ምን እንዳዩ ብትጠይቃቸው «የማየውን አዳራሽ እናገራለሁ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም። ቲቫይቫዩን አራት ሆነን አራቱን ማዕዘን ይዘን ዘረጋነው፤ የላይኛውን ቀኝ ጫፍ እኔ ይዣለሁ። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ባርኔጣው በበሩ ገባ። በሰው መሐል አልፎ መጣ። ከጨርቁ ፊት ቆመ። ቀና አሉ።



«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

እኔ ቀድሜ መለስሁ። «ቅጠሉ ነው፣ እማማ። ሰማያዊ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፤ እንፈታዋለን፣ ዛሬውኑ...»

«ስለ ቅጠሉ ማን ጠየቀህ? ጭንቅላትህ ላይ ያለውን ነው የምለው።»

እኔ እጄ ጨርቅ ስለያዘ ፀጉሬን መሸፈን እንኳ አልቻልሁም።

«ጥ... ጥቁር ነው፣ እማማ።»

«እሱ ጥቁር አይደለም።» አንድ እርምጃ ቀረቡ፤ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ነው። መቼ ነው የተቀባኸው?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ሁለት ዓመት!» ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ይሄንንም ዝም አላችሁ?»

መጀመሪያ ኢና ናት የሳቀችው፤ የራሴ ሚስት። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፓስተሩ ሳይቀሩ ግድግዳ ይዘው ይስቃሉ፤ የአውቶቡሱ ሾፌር እንባውን ይጠርጋል። እኔም እንባዬን የምጠርግበት እጅ አጥቼ፣ የጨርቁን ጫፍ እንደያዝሁ ዝም ብዬ አለቀስሁ። ያያሉ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያያሉ! እንደዚያ የሚያስደስት ስድብ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ወደ ጨርቁ ተመለሱ። አንዱን ሰማያዊ ቅጠል በጣታቸው ዞሩት፤ መደቡን በመዳፋቸው ዳበሱት። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሞኤሮአ፣ ነይ» አሉ። «ይሄን ትፈልጊዋለሽ? እውነቱን ተናገሪ፤ ዝምታ በቅቶኛል።»

«ሌላ ብትሰጡኝ አልወስድም፣ እማማ» አለች ልጄ።

«በቃ!» አሉ ክብርት እማማ ቱአይኔ። «ቅጠሉ ይቆይ። ፀጉሩ ይነሳ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተላጨሁ። ሞኤሮአ ቲቫይቫዩን በመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ሙሉ ቀን የምታርፍበት አልጋዋ ላይ ነው ያነጠፈችው። ለሻይ እሷ ቤት በሄድኩ ቁጥር እንሽላሊቴ ኪሴ ውስጥ ናት፤ አውጥቼ አላውቅም። የእማማ ቱአይኔ ሁለተኛው ዓይንም ከዓመት በኋላ ተሠራ፤ አሁን በሁለት ዓይን ነው የሚፈርዱብን። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስቁመው የበቀለውን ፀጉሬን አዩት።

«እሱ ነጭ አይደለም» አሉኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው፣ እማማ?»

አንገታቸውን ሰበር አድርገው ብዙ አሰቡና «ገና አላወቅሁትም፤ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና አየዋለሁ» ብለው አለፉ። ይዩት። ዕድሜና ዓይን ይስጣቸው እንጂ፣ በየእሑዱ ራሴን ይዤላቸው እቀርባለሁ።